የጀሪካን ሒሳብ

ሦስት ነን። አንዷ ነርስ ናት፣ አንዷ ባንክ ቤት ትሠራለች፣ አንዷ ደግሞ ጋዜጠኝነት ተምራ ይህንን የምትጽፍላችሁ ናት። የምንኖረው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይተን ነው። ባለ አንድ መኝታ ለሦስት ሰው እንዴት ይበቃል ብላችሁ አትጠይቁን፤ የቤት ኪራይ ስንት እንደ ገባ ታውቁታላችሁ። አብረን መኖር ከጀመርን ሁለት ዓመት አልፎናል። በእነዚህ ሁለት ዓመታት በወንድ አልተጣላንም፣ በልብስ አልተጣላንም፣ በኪራይም አልተጣላንም። የተጣላነው በሩዝ ድስት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችን ውኃ በፈረቃ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። ሲመጣም አብዛኛውን ጊዜ ሰው በተኛበት ሰዓት ነው። ከለገዳዲና ከድሬ፣ ከገፈርሳ፣ ከአቃቂ ጉድጓዶች ተነሥቶ ስንት ቧንቧ አቆራርጦ የሚመጣ ውኃ አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ትንፋሹ ያልቅበታል። ስለዚህ ስድስት ጀሪካንና አንድ በርሜል አለን። እነሱ ሲያልቁ ደግሞ ከታች፣ ከግቢው ሮቶ ቀድቶ አራት ፎቅ ተሸክሞ የሚያመጣልን አንድ ልጅ አለ። አንዱን ጀሪካን በሃያ ብር።

ያን ሳምንት ውኃ ከጠፋ አምስተኛ ቀኑ ነበር። ልጁ ደግሞ ፈተና ላይ ስለነበር ሁለት ቀን አልመጣም። የቀረን አንድ ጀሪካን ነው። እሱም የነርሷ ነው፤ ሌሊት ተረኛ ናት፣ ጠዋት ስትመጣ ትታጠብበታለች ተብሎ ተለይቶ የተቀመጠ። ማታ እራት ሩዝ ሠራን። ሩዙ ያዘ። ድስቱን የያዘው ሩዝ እስኪለቅ በጀበናም በሲኒም እያልን ውኃ ጨመርንበት፣ ፈተግነው፣ አለቀለቅነው፣ እንደገና ጨመርንበት። ድስቱ ጠራ። ጀሪካኑም ጠራ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነርሷ መጣች። ከባድ ሌሊት እንዳሳለፈች ፊቷ ይናገራል። ጀሪካኑን አነሣችው፤ ቀለላት። አልጮኸችም። ባዶውን ጀሪካን ገልብጣ ቁጭ አለችበትና አለቀሰች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ወሩ ሲሞላ ሌላ ቤት እፈልጋለሁ" አለች።

ድስቱን ያጠበችው ጋዜጠኛዋ ነበረች። የሚያሳፍረው እሱ ብቻ አይደለም። ወሩ መጋቢት ነው። የዓለም የውኃ ቀን መጋቢት 13 ይከበራል አይደል? ለዚያ ቀን የሚሆን "ውኃን የመቆጠብ አሥር ዘዴዎች" የሚል ጽሑፍ የጻፈችውም እሷው ናት፤ በዚያው ሳምንት። አንደኛው ዘዴ "ጥርስዎን ሲቦርሹ ቧንቧውን ይዝጉ" ይላል። በቤታችን ቧንቧውን የዘጋልን ሌላ አካል ከሆነ አምስት ቀን አልፎት ነበር።

ደብተሩ

ነርሷ ከሄደች ኪራዩን ሁለት ሆነን አንችለውም። እውነቱን እንነጋገር፤ መጀመሪያ ያስደነገጠን ይሄ ነው። ቀጥሎ ግን ሌላው ነገር ከነከነን። ሁለት ዓመት አብረን በልተን፣ አንዳችን ስንታመም ሌላችን ሾርባ ሠርተን፣ የአንዲት ጓደኛችንን አንድ ጀሪካን ውኃ መጠበቅ አቃተን ማለት ነው። የገረመን ደግሞ ማናችንም ክፉ አለመሆናችን ነው። ድስቱን ስናጥብ ያን ያህል ውኃ እየፈሰሰ መሆኑን አላየነውም። በቃ፣ አላየነውም።

ባንከሯ ነገሩን በሙያዋ ያዘችው። "የማይቆጠር ገንዘብ ይጠፋል፤ ውኃም እንደዚያው ነው" አለችና ከሥራ ቦታዋ ያገኘችውን አሮጌ አጀንዳ አውጥታ ማቀዝቀዣው በር ላይ በክር አንጠለጠለችው። ደንቡ ቀላል ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ማንም ሰው ውኃ ሲጠቀም ለምን እንደሆነና ስንት እንደሆነ ይጽፋል። መለኪያችን የሁለት ሊትር ጆግ ነው፤ አሥር ጆግ አንድ ጀሪካን። ነርሷ ኩርፊያዋን ሳትለቅ እሷም ጻፈች።

በሳምንቱ መጨረሻ ደመርነው። በቀን አምስት ጀሪካን፣ በሳምንት ሠላሳ አምስት። ከዚህ ውስጥ አሥራ ሰባቱ የሄደው በወጥ ቤት ነው። ገላ መታጠቢያው፣ ልብሱ፣ ሽንት ቤቱ ሁሉ ተደምሮ ከወጥ ቤቷ እምብዛም አይበልጥም። ሁለት ሰው ከቆመባት ሦስተኛው መግባት የማይችልባት ወጥ ቤት!

አሥራ ሰባቱን ዘረዘርነው። ለመጠጥ፣ ለቡናና ለማብሰያ ሦስት። እህልና አትክልት ለማጠብ ሦስት። ሰሃንና ድስት ለማጠብ ዘጠኝ። የቀሩት ሁለቱ ምን እንደዋጣቸው ደብተሩም አያውቅም። የፈሰሰ፣ የተደፋ፣ ተንተክትኮ ጣሪያ ላይ የቀረ መሆን አለበት።

ውኃ የመጣ ቀን ደግሞ ሌላ ሙከራ አደረግን። ቧንቧውን እንደ ልማዳችን ከፍተን ባለ ሃያ ሊትሩን ጀሪካን ከሥሩ አስቀመጥንና በስልክ ሰዓት ያዝን። በሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ሞላ። በደቂቃ ሰባት ሊትር ተኩል ማለት ነው። የእራት ሰሃን አጥበን ለመጨረስ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጅብናል፤ ቧንቧውን ከፍተን ካጠብን ዘጠና ሊትር ሄደ። አራት ጀሪካን ተኩል! ያቺ ሩዝ የያዘባት ድስት አንድ ጀሪካን በላች ብለን ስንሳቀቅ፣ ለካ ውኃ በመጣ ቀን ሁሉ አራት ድስት ያህል በደስታ ስንደፋ ኖረናል። የጀሪካን ውኃ ስለሚያልቅ ይታያል። የቧንቧ ውኃ የማያልቅ ስለሚመስል አይታይም። ነገሩ ይኸው ነው።

እማዬ ትጠራ

ከሦስታችን የአንዷ እናት ደሴ ናት፤ ሦስታችንም "እማዬ" ነው የምንላት። ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ችግራችንን በስልክ ስንነግራት ሳቀችብን። "እናንተ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ሰሃን ማጠብ ሳትማሩ ወጣችሁ?" አለች።

ያስተማረችን ነገር እኛ ሁላችንም ልጅ ሆነን ያየነውና ትልቅ ስንሆን ያፈርንበት ነው። ሰሃን ከመታጠቡ በፊት ይጠረጋል። ወጡ በተረፈች ቁራጭ እንጀራ ወይም በአሮጌ ወረቀት ተጠርጎ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል እንጂ በውኃ አይባረርም። ድስት የያዘበት ነገር ካለ በጉልበትና በውኃ አይታገሉትም፤ ግማሽ ጆግ ውኃ ጨምረው ከድነው ይተዉታል፤ ጠዋት ራሱ ይለቃል። ከዚያ ሁለት ሳፋ ይቀርባል። በአንዱ ሳሙና፣ በሌላው ማለቅለቂያ። መጀመሪያ ብርጭቆ፣ ቀጥሎ ሰሃን፣ በመጨረሻ ድስት። ቅባት ያለው ከቀደመ ውኃው ተበላሸ፣ ይደፋል፣ እንደገና ይቀዳል። የማለቅለቂያው ውኃ ሲያልቅ ወደ ሽንት ቤት ይሄዳል፤ አንድ ጊዜ ሽንት ቤት የሚለቀቀው ውኃ እኮ ለብቻው ብዙ ሊትር ነው።

የምስርና የሩዝ ማጠቢያው ውኃ ደግሞ በረንዳ ላይ ያለችውን ጤና አዳም ያጠጣል። ጎመንና ሰላጣ ከቧንቧ ሥር አይያዝም፤ ሳፋ ውስጥ ተነክሮ አፈሩ እስኪዘቅጥ ይቆይና ይወጣል።

እዚህ ላይ ነርሷ ጣልቃ ገባች። (ልብ በሉ፤ ከሳምንት ኩርፊያ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ፈቃድ ያወራችን ያን ዕለት ነው።) "ቁጠባና ቆሻሻ እንዳይምታታባችሁ" አለች። እጅ መታጠቢያ ላይ ቁጠባ የለም። ጥሬውን የሚበላ አትክልት የመጨረሻው ማለቅለቂያ ንጹሕ ውኃ መሆን አለበት። ሳሙና የነካው ሰሃን በደንብ ይለቅለቃል። የተጠራቀመ ውኃ ክዳን ይኑረው፣ ጆግ በእጅ ተይዞ በርሜል ውስጥ አይነከር፣ ጀሪካኑም ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ ውስጡ ይታጠብ። "በአንድ ጆግ ውኃ ስስት ተቅማጥ ይዛችሁ እኔ ጋ ብትመጡ፣ የምታፈሱትን ውኃ እኔ ነኝ የማውቀው" አለች። ሳቅን። እሷም ሳቀች።

የቧንቧውን ነገር ሳንረሳው። ውኃ በመጣ ሌሊት ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ እንሰማለን፤ ለምደነዋል፣ እንዲያውም እንቅልፍ ያመጣልን ነበር። አንድ ማታ ከአራት ሰዓት እስከ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ጎድጓዳ ሳህን ከሥሩ አስቀመጥን፤ እየሞላ ሁለት ጊዜ ተነሥተን ገለበጥነው። ጠዋት አምስት ሊትር ሆነ። የተበላው አንዲት ትንሽ ጎማ ናት፤ የገዛናት ከአንድ ማኪያቶ ባነሰ ዋጋ ነው።

አምፖልና ምጣድ

ውኃውን እንደዚህ ካየነው መብራቱንስ? አልን።

በመብራት ቁጠባ ቤታችን የታወቀ ነው፤ ቢያንስ እኛ እንደዚያ እናስብ ነበር። "መብራት ሳታጠፊ ወጣሽ!" የማንባባልበት ቀን የለም። የስልክ ቻርጀር ሶኬት ላይ ከተረሳ ወንጀል ነው። ታሪፉ እንደሆነ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እየተሻሻለ እንዲሄድ ተወስኗል፤ ብዙ የተጠቀመ ደግሞ ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ዋጋም ከፍ ይላል። ስለዚህ አምፖል እናጠፋለን።

ባንከሯ እንጀራ ከመጋገራችን በፊት ወርዳ ቆጣሪውን አነበበች፤ ጋግረን ስንጨርስም እንደገና ወረደች። ሃያ አምስት እንጀራ፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ አምስት ኪሎዋት ሰዓት። ምጣዳችን 3,500 ዋት ነው፤ ከሥሩ ተጽፎበታል፣ አንብበነው አናውቅም እንጂ። በየቀኑ የምንጨቃጨቅባት ኤልኢዲ አምፖል 9 ዋት ናት። ሒሳቡን ሥሩት፤ አንድ ጊዜ እንጀራ የጋገርንበት መብራት ያቺን አምፖል በየማታው አምስት ሰዓት ብናበራት አራት ወር ሊሞላት ትንሽ እስኪቀራት ድረስ ያበራታል። እኛ እኮ በሳምንት ሁለቴ እንጋግራለን!

በአምፖል የተናገርነውን ክፉ ነገር ሁሉ በይፋ አንሥተናል።

ለእማዬ ነገርናት። እማዬ እንደ ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ ለሕዳሴ ግድብ የወር ደመወዟን በየወሩ እያስቆረጠች ቦንድ ገዝታለች። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብላ እንባዋን ስትጠርግ ነበር። "5,150 ሜጋዋት አሉ እኮ" አለችን። "በደመወዜ የገነባሁትን እናንተ በአንድ ምጣድ ልትጨርሱት ነው?" ቀልዷ ነው፤ ግን ቁም ነገር አለው። ግድቡ የቱንም ያህል ያመንጭ፣ መብራቱ ቤታችን የሚደርሰው በሰፈር ትራንስፎርመርና በሽቦ ነው። የበዓል ዋዜማ ማታ ሕንጻው ሁሉ በአንድ ሰዓት ምጣዱን ሲሰካ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ጧ! ከዚያ ሻማ ፍለጋ።

እዚህ ላይ የምንናዘዘው ነገር አለ። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ እየጋገርን መብራት ሄደ። ጠበቅን፣ አልመጣም። ሊጡን ከደንን፣ ሰፌዱን ምጣዱ ላይ ጣል አደረግንና ለቅሶ ልንደርስ ወጣን። ሶኬቱን አልነቀልነውም። መብራቱ እኛ በሌለንበት መጣ። የሦስተኛ ፎቋ እትዬ ናቸው ሽታው ሸቷቸው፣ እሳቸው ጋ ባስቀመጥነው ቁልፍ ከፍተው የገቡት። ሰፌዱ ነድዶ ጭሱ ቤቱን ሞልቶት ነበር። ብሬከሩን አውርደው፣ እሳቱን በእርጥብ ጨርቅ አፍነው አጠፉት። ስንመጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አገኘናቸው። "ልጆቼ፣ ቤቱ ይቃጠል፤ እናንተ ውስጡ ተኝታችሁ ቢሆንስ ኖሮ?" አሉን። ሌላ አልተናገሩንም። ግድግዳው ላይ ያለው ጥቁር እስከ ዛሬ አለ፤ አከራያችን እስካሁን ያላዩት የቀን መቁጠሪያ ሰቅለንበት ነው።

ከዚያ ወዲህ መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የምንነቅለው ምጣዱን ነው። ደብተሩ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ለእትዬ አንድ ሐሳብ አቀረብንላቸው። ምጣድ ለመጋል ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ በሦስት ቤት ሦስት ጊዜ ከሚግል በአንዱ ቤት አንድ ጊዜ ግሎ ሁላችንም ብንጋግርበትስ? አሁን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሥራ ላይ ሲሆን፣ ተራ የሆነችው አንዷ ሊጣችንን በባልዲ ይዛ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ትወርዳለች። እትዬ ይጋግራሉ፣ ከጎናቸው ያለችው ጎረቤት ትከተላለች፣ እኛ እንጨርሳለን። የካርዱን ብር በእንጀራ ቁጥር እንካፈላለን። የመጨረሻዋ እንጀራ አክንባሎ ሲደፋባት ሶኬቱ ይነቀላል፤ በምጣዱ ግለት ብቻ ትበስላለች። እሷ ስትወጣ ደግሞ እትዬ ለቡና ቁርስ ገብስ ይቆሉበታል። ምጣዱ ባዶውን አይቀዘቅዝም።

እኛ ይህንን ዘመናዊ ግኝት አድርገን ስናወራላቸው እትዬ ምን አሉ መሰላችሁ? "ድሮ በማገዶ ጊዜ እኮ እንዲህ ነበር የምናደርገው። መብራት ሲገባ ነው ሁሉም በሩን ዘግቶ መጋገር የጀመረው።"

ክዳን

ከጋዜጠኛዋ የተገኘ አንድ ጠቃሚ ነገር እነሆ። (ለካሣ ይሆናት ዘንድ።)

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ሽምብራውና ባቄላው አልበስል እያለ የሚያስቸግረን አንድም ለዚህ ነው። እኛ ደግሞ አልበስል ሲለን ምን እናደርጋለን? ስቶቩን እንጨምራለን። ውኃው ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ መስኮቱን ያለብሰዋል፣ የበሰለ ይመስለናል። ግን ውኃ አንዴ ከፈላ በኋላ በኃይል ስለተንተከተከ ሙቀቱ አይጨምርም። የሚጨምረው ተንኖ የሚሄደው ውኃ ነው። አንድ ሊትር የቧንቧ ውኃ ለማፍላት የሚበቃውን ኃይል አንድ ብንለው፣ ያንኑ ሊትር አትንኖ ለመጨረስ ከሰባት እጥፍ በላይ ይጠይቃል። ክዳን ሳይከደን የሚንተከተክ ድስት እንግዲህ መብራቱንም ውኃውንም አንድ ላይ በመስኮት የሚጥል ዕቃ ነው።

ስለዚህ እስኪፈላ እንጨምራለን፤ ሲፈላ እንቀንሳለን፣ እንከድናለን። ሽምብራና ባቄላ ማታውኑ ይዘፈዘፋል። ነርሷ ከወንድሟ ሠርግ የተረፈ ፕሬዠር ድስት ነበራት፤ ከነካርቶኑ አልጋ ሥር ሁለት ዓመት ተኝቶ ነበር፣ አሁን ወጥቷል። በውስጡ እንፋሎቱ ታፍኖ ስለሚይዝ ውኃው ከተራራማው አዲስ አበባ ወጥቶ ቆላ የወረደ ያህል ይሞቃል። ሻይ ጠዋት አንድ ጊዜ ይፈላና ፔርሙስ ይገባል፤ ስንት ሰው ቢነሣ ስንት ጊዜ ማንቆርቆሪያ መጣድ ቀርቷል።

ከሩቅ ሲታይ ተራ ነገር ነው። እማዬ ጋ ስንነጻጸር ደግሞ ቅንጦት ነው። እሷ እንጀራ የምትጋግረው አሁንም በማገዶ ነው፤ ከሦስት ጉልቻ ወደ ምርጥ ምድጃ ከተሸጋገረች ግን ቆይታለች። ምድጃው እሳቱን ዙሪያውን ዘግቶ ስለሚይዝ ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ ጭሱንም ያቀልላል። "ማገዶ ቀነሰልኝ" አትልም እማዬ። "ዓይኔን አተረፈልኝ" ነው የምትለው።

የልጁ ጥያቄ

በሦስተኛው ሳምንት ደብተሩ ላይ የወጥ ቤቱ ውኃ ከአሥራ ሰባት ጀሪካን ወደ ዘጠኝ ወረደ። የሰሃኑ ከዘጠኝ አራት ሆነ፣ የአትክልቱ ከሦስት ሁለት፣ "ምን እንደዋጣቸው የማይታወቅ" የነበሩት ሁለቱ ጠፉ። የመጠጡና የማብሰያው ሦስት ግን አልተነካም፣ እንዲነካም አንፈልግም። ነርሷ የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ስለ ሌላ ቤት አላነሣችም። እኛም አላስታወስናትም።

እዚህ ላይ ጽሑፋችንን በደስታ መጨረስ ይቻል ነበር። ግን ልጁ አለ።

አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ይማራል። ቀድሞ በሳምንት አሥራ አራት ጀሪካን ያመጣልን ነበር። አንዱ ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው። በሳምንት 280 ኪሎ ውኃ በአንድ ልጅ ጀርባ አራት ፎቅ ሲወጣ ኖሯል፤ እኛ ሩዝ የያዘበት ድስት እንድናጥብበት። ይህንን ሒሳብ ደብተሩ እስኪመጣ ድረስ ማናችንም አስበነው አናውቅም። ሁለት ዩኒቨርሲቲና አንድ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ የወጣን ሰዎች ነን።

አንድ ቀን በር ላይ ጀሪካኑን አውርዶ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ "ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?" አለ ነርሷን።

"ጠይቅ።"

"እናንተ ይህንን ሁሉ ውኃ ምን ታደርጉበታላችሁ?"

ተንኮል የለበትም፤ ከልቡ ገርሞት ነው። እነሱ ቤት አምስት ናቸው፣ በቀን ሁለት ጀሪካን ነው የሚጠቀሙት። እኛ ሦስት ሆነን አምስት። ነርሷ መልስ አልነበራትም። የሚኮሩበት መልስ ስላጣን ነው ደብተሩን በቁም ነገር የያዝነው፤ ከሩዙ ድስት ይልቅ ይቺ ጥያቄ ናት የሠራችን።

አሁን ከአሥራ አራት ወደ ስምንት ጀሪካን ወርደናል። ደስ ብሎን ስንነግረው ልጁ ደስ አላለውም። 280 ብር የነበረው 160 ሊሆን ነዋ! የእሱ ሒሳብ ከእኛ ሒሳብ ይለያል። እኛ የቆጠብነው የእሱ የደብተርና የታክሲ ብር ነበር። ሦስታችን ተቀምጠን ተነጋገርን። ለአራተኛ ፎቅ ሃያ ብር ድሮም አይገባም ነበር ብለን ሠላሳ አደረግነው። ስምንት ጊዜ ሠላሳ 240 ነው፤ አርባ ብር ጎድሎበታል። ወገቡ ግን በሳምንት 120 ኪሎ ቀንሶለታል። "ይሻላል ወይስ አይሻልም?" ብለን ጠየቅነው። ትንሽ አሰበና፣ "ፈተና ሰሞን ይሻላል፤ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ግን አይሻልም" አለ። ከእኛ ይልቅ የሚያስብ ልጅ ነው። ነርሷ ግን፣ "አሥራ አራት ዓመት ልጅ ሃያ ኪሎ አራት ፎቅ ማውጣቱ ራሱ በስምንትም በአሥራ አራትም ልክ አይደለም" ትላለች። ልክ ናት። ሠላሳ ብር ሕሊናችንን እንጂ ነገሩን አላስተካከለውም። አሁን የራሳችንን ሁለት ሁለት ጀሪካን በየተራ ራሳችን ማውጣት ጀምረናል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ እናርፋለን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ እትዬ ይስቁብናል። አራተኛ ፎቅ ስንደርስ በዚያ ውኃ ድስት ለማለቅለቅ እጃችን አይታዘዝልንም።

ስለ ቁጠባ ብዙ ተጽፏል፤ አሥር ዘዴ፣ ሃያ ዘዴ። እኛም ጽፈናል። ያን ጊዜ ያላወቅነው ግን ከዘዴው በፊት ማየት እንደሚቀድም ነው። ውኃውም መብራቱም በሰው በኩል አልፎ ነው ቤታችን የሚገባው። አንዱ ተሸክሞታል፣ አንዷ ከደመወዟ አስቆርጣለታለች፣ አንዷ ሌሊቱን ሙሉ ሠርታ መጥታ ትጠብቀዋለች።

ደብተሩ አሁንም ማቀዝቀዣው በር ላይ ተንጠልጥሏል። ሁልጊዜ አንጽፍበትም፤ እውነቱን ለመናገር ውኃ ደጋግሞ በመጣበት ሳምንት ቧንቧውን ከፍተን እየዘፈንን ስናጥብ ራሳችንን ይዘናል። የዚያን ጊዜ ከሦስታችን አንዷ ከመኝታ ቤት "ሰባት ሊትር ተኩል!" ብላ ትጮኻለች። ቧንቧው ይዘጋል።

እናንተም ብትሞክሩት አትጎዱም። ውኃ ያለ እንደሆነ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የወጥ ቤታችሁ ቧንቧ ሥር አንድ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጡ። ጠዋት ስትነሡ ተመልከቱት። ባዶ ከሆነ እሰየው። ካልሆነ ግን ቡና አፍሉበትና አብሯችሁ ከሚኖር ሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። እኛ ቤት ሳይፈርስ የቀረው እንደዚያ ነው።